ምዕራፍ 5፦ ሰው የሚቆምበት ቦታ

የአዋሽ ወንዝ ከጊንጪ አካባቢ ደጋ ተነሥቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዝና ባሕር ሳያይ በጅቡቲ ድንበር በአቤ ሐይቅ ይቀራል። በዚህ ጉዞው መካከል አዋሽ ሰባት ኪሎን እናገኛለን፤ ወደ መጨረሻው ስንቃረብ ደግሞ ሰመራን። ሁለቱም የአፋር ከተሞች ናቸው፤ ሁለቱም ቆላ ናቸው። አዋሽ ከባሕር ወለል በላይ 1,000 ሜትር ገደማ፣ ሰመራ ከዚያም ዝቅ ብላ 430 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ሁለቱንም ወደ ጅቡቲ ወደብ የሚወስደው አውራ ጎዳና ያልፍባቸዋል። በአፈጣጠራቸው ግን ይለያያሉ። አዋሽን የወለዳት ባቡር ሲሆን ሰመራን የወለዳት የመንግሥት ውሳኔ ነው። በአዋሽ ሰው መገናኘት የጀመረው ፕላን አውጪ ከመምጣቱ በፊት ነው፤ በሰመራ ሕንፃው ቀድሞ ሰው ተከተለው።

ይህ ልዩነት የከተማ ቦታ የሰዎችን ግንኙነት እንዴት እንደሚቀርጽ ለማየት ጥሩ ዕድል ይሰጠናል። የዚህ ምዕራፍ ሐሳብም በአጭሩ ይህ ነው፦ ሰው ከሰው ጋር የሚተዋወቀው ሲቆም ነው። እየነዳ ወይም እየሮጠ የሚያልፍ ሰው ሌላውን ያየዋል እንጂ አያውቀውም። ስለዚህ ስለ አንድ ከተማ ማኅበራዊ ጤንነት ማወቅ የሚፈልግ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ሦስት ጥያቄ ይጠይቅ፦ እዚህ ሰው የት ይቆማል? ለምን ይቆማል? ምን ያህልስ ይቆያል?

የግድ፣ በፈቃድ፣ በጋራ

ዴንማርካዊው አርክቴክት ያን ጌል እ.ኤ.አ. በ1971 በሕንፃዎች መካከል ስላለው ሕይወት ባሳተመው መጽሐፉ ሰው ከቤቱ ውጭ የሚያደርገውን በሦስት ከፍሎታል። የመጀመሪያው የግድ የሚደረገው ነው፤ ሥራ መሄድ፣ ውሃ መቅዳት፣ ታክሲ መጠበቅ፣ ገበያ መውጣት። ይህን ሰው ቦታው ቢከፋም ባይከፋም ያደርገዋል። ሁለተኛው በፈቃድ የሚደረገው ነው፤ ነፋስ ለመቀበል መውጣት፣ ደጅ ቁጭ ብሎ አላፊ አግዳሚውን ማየት፣ ሻይ ይዞ መቆየት። ይህ የሚሆነው ቦታው ሲመች ብቻ ነው። ሦስተኛው በጋራ የሚደረገው ነው፤ ሰላምታ፣ ወሬ፣ የልጆች ጨዋታ፣ ሽምግልና።

የጌል ዋና ትምህርት ያለው በሦስተኛው ላይ ነው። የጋራው ሕይወት ለብቻው አይመጣም፤ ሁለቱን ተከትሎ ይወለዳል። ሰዎች ለጉዳያቸው አንድ ቦታ ሲመጡና ቦታው ትንሽ እንዲቆዩ ሲጋብዛቸው ጨዋታው በራሱ ይጀመራል። ከተማ ሰዎችን ወዳጅ አያደርግም፤ ወዳጅ የሚሆኑበትን አጋጣሚ ግን ሊያበዛ ወይም ሊያጠፋ ይችላል።

አሜሪካዊው ዊሊያም ዋይት ተመሳሳይ ነገር በኒው ዮርክ አየ። ከተማዋ እ.ኤ.አ. በ1961 አዲስ ደንብ አወጣች፤ ሕንፃውን ከመንገድ ገባ አድርጎ ለሕዝብ አደባባይ ለሚተው ባለሀብት ተጨማሪ ፎቅ እንዲሠራ ፈቀደች። ብዙ አደባባይ ተሠራ፤ ብዙውም ባዶውን ቀረ። ዋይትና ረዳቶቹ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ካሜራ በየሰገነቱ ተክለው፣ ማስታወሻ ይዘው፣ በየአደባባዩ ማን እንደሚመጣ፣ የት እንደሚቀመጥና ስንት ደቂቃ እንደሚቆይ ቆጠሩ። የአደባባዩ ስፋትም ሆነ የሕንፃው ውበት የሰውን ብዛት አልወሰነም። ከሁሉ በላይ የወሰነው የሚቀመጡበት ነገር መኖሩ ነበር። ከእርሱ ቀጥሎ የሚበላና የሚጠጣ ነገር፣ ዛፍና ከእግረኛው መንገድ ጋር ያለው ቅርበት መጡ። ሰው ሰውን እንደሚስብም አስተዋለ፤ ሁለት ሰዎች ለወሬ ሲቆሙ ገለል ወዳለ ጥግ አይሄዱም፣ እዚያው እግረኛ በሚያልፍበት መካከል ይቆማሉ። በጥናቱ መነሻነት ኒው ዮርክ እ.ኤ.አ. በ1975 ደንቧን አሻሽላ መቀመጫና ዛፍ ግዴታ አደረገች።

እነዚህ ሰዎች የጻፉት ስለ ቀዝቃዛ አገር ነው። ኮፐንሃገን ውስጥ ሰው የሚፈልገው ፀሐይ ነው፤ በአዋሽ ሸለቆ የሚፈልገው ጥላ ነው። የመልካም ቦታ ዝርዝር እንደ አገሩ አየር ይለወጣል፤ የማየትና የመቁጠር ዘዴው ግን ለአፋርም ያገለግላል።

ባቡር ያቆማት ከተማ

ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ። ከዚያ ዓመታት ቆሞ እንደገና ተቀጠለና አዋሽን ተሻግሮ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። በመጀመሪያዎቹ አሥርት ዓመታት ባቡሩ ሌሊት አይጓዝም ነበር። ከጅቡቲ አዲስ አበባ ሦስት ቀን ይፈጅ ስለነበር ተሳፋሪው አንዱን ሌሊት በድሬዳዋ፣ ሌላውን በአዋሽ ያሳልፍ ነበር። ቡፌ ዳዋሽ የሚባለው የጣቢያው ሆቴልና ምግብ ቤት የዚያ ዘመን ልጅ ነው።

ባቡር በየቦታው ይቆማል፤ ሌሊቱን የሚያድርበት ጣቢያ ግን ከሌላው ይለያል። የሚያድር ሰው ይበላል፣ ይጠጣል፣ ይታጠባል፣ ይተኛል፣ ጠዋት ስንቅ ይገዛል። ይህን ሁሉ የሚያቀርብ ሰው ያስፈልጋል፤ አቅራቢውም ቤት ይሠራል፣ ጎረቤት ያፈራል። ከደጋ የመጣ የሐዲድ ሠራተኛ፣ የውጭ አገር ነጋዴ፣ ወተትና ፍየል ይዞ የሚመጣ የአፋር አርብቶ አደር በአንድ ጣቢያ ዙሪያ የተገናኙት በዚህ ምክንያት ነው። በጌል አነጋገር ማደሩ የግድ ነበር፤ የጣቢያው በረንዳ፣ ዛፉና ምግብ ቤቱ ደግሞ ግዱን ወደ ፈቃድ ለወጡት።

ከባቡሩ ሌላ የሚያቆም ነገር ገበያ ነው። የአዋሽ የሰኞ ገበያ ከተማዋን ከአካባቢዋ ጋር የሚያገናኝ ትልቁ የሳምንት ቀጠሮ ነው። አፋሩ፣ ከረዩው፣ አርጎባውና የከተማው ሰው እዚያ ይገናኛል። አፋርና ከረዩ በግጦሽና በውሃ ምክንያት ብዙ ጊዜ የተጋጩ ሕዝቦች ናቸው። ገበያው ጠቡን አይፈታውም። ነገር ግን ሁለቱም የሚፈልጓቸው ነገሮች፣ ጨውና እህል፣ ከብትና ቅቤ፣ በአንድ ቦታና በአንድ ቀን ስለሚገኙ የሌላውን ወገን ፊት ለፊት የሚያዩበት፣ ዋጋ የሚነጋገሩበትና የጠፋ እንስሳ የሚጠይቁበት ሥፍራ ይሆናል። ሽማግሌ ሽምግልና ከመጀመሩ በፊት ሊያገኘው የሚገባ ሰው የሚገኘውም ብዙ ጊዜ በገበያ ነው። ገበያን ከመሐል ከተማ አንሥቶ ዳር ላይ የሚያስቀምጥ ፕላን አውጪ ይህን ሁሉ አብሮ እንደሚያነሣ ሊያስብበት ይገባል።

አሮጌው ባቡር ጉዞውን ካቆመ ቆይቷል። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀውና ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመው አዲሱ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ መስመር ከቀድሞው እጅግ ይፈጥናል። ጣቢያዎቹ በአብዛኛው ከከተሞቹ ማእከል ወጣ ብለው የተሠሩ ናቸው። ለጭነትና ለፍጥነት ይህ ተገቢ ነው። ለከተማው ማኅበራዊ ሕይወት ግን ጣቢያው ከቡና መጠጫው፣ ከገበያውና ከመኖሪያው የተለየ ቦታ ሆነ። ተሳፋሪው ይመጣል፣ ይሳፈራል፣ ይሄዳል። አሮጌው ጣቢያ ለአዋሽ የሰጣትን ነገር አዲሱ ጣቢያ እንዲሰጥ ከተፈለገ፣ በዙሪያው ሰው የሚቆይበት ነገር ታስቦ መሠራት አለበት።

አስፋልትና ጎረቤት

ዛሬ በአዋሽ የሚቆመው ከባድ መኪና ነው። ከ1990 ዓ.ም. የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት በኋላ የአሰብ ወደብ ስለተዘጋ የአገሪቱ ገቢና ወጪ ንግድ ከዘጠና በመቶ በላይ በጅቡቲ ያልፋል። አዋሽ መንገዱ የሚከፈልባት ከተማ ናት፤ አንዱ በገዋኔና በሚሌ አድርጎ ወደ ሰመራና ጋላፊ፣ ሌላው በሚኤሶ ወደ ጭሮ፣ ድሬዳዋና ሐረር ይወስዳል። ጉምሩክም እዚያው አለ። ሾፌሩና ረዳቱ ለፍተሻ፣ ለምሳ፣ ለጎማ፣ ለእንቅልፍ ይቆማሉ። ምግብ ቤቱ፣ ጎሚስታው፣ የጀበና ቡናውና አልጋ ቤቱ በአስፋልቱ ግራና ቀኝ የተደረደሩት ለዚህ ነው።

ይህ መንገድ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ያደርጋል። ከሩቅ የመጣውን ሰው ያቆማል፤ የሰፈሩን ሰው ደግሞ ከማዶ ጎረቤቱ ይለያል። የመኪና ብዛት ጎረቤትነትን እንዴት እንደሚጎዳ በግልጽ ያሳየው የከተማ ተመራማሪው ዶናልድ አፕልያርድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ በሳን ፍራንሲስኮ በአንድ ሰፈር የሚገኙ፣ በቤቶቻቸው የሚመሳሰሉ ሦስት መንገዶችን አጠና። በአንዱ በቀን 2,000 ያህል መኪና ያልፋል፤ በሁለተኛው 8,000፤ በሦስተኛው 16,000። መኪና ባነሰበት መንገድ አንድ ነዋሪ በአማካይ ሦስት ወዳጅና ስድስት ያህል ትውውቅ ነበረው። መኪና በበዛበት መንገድ ወዳጁ ከአንድ ያነሰ፣ ትውውቁም ሦስት ያህል ብቻ ሆኖ ተገኘ። ነዋሪዎቹ የእኔ የሚሉትን አካባቢ በካርታ እንዲያመለክቱ ሲጠየቁም የመጀመሪያዎቹ መንገዱን በሙሉ ከማዶው ጋር ከበቡት፤ የመጨረሻዎቹ የቤታቸውን ደጅ ብቻ።

ይህን ወደ አዋሽ ስናመጣው የምናየው ቀላል ነው። ተሳቢ የሚጎትት መኪና በሚያልፍበት ጎዳና ሕፃን ተሻግሮ አይጫወትም፤ አሮጊት ቡና ለመጠጣት ማዶ አትሄድም፤ ሁለት ሰዎች በሞተር ጩኸት መካከል ቆመው ወግ አይቀጥሉም። የከተማዋ ገቢ ከአስፋልቱ ይመጣል፤ ጎረቤትነቷ ግን ያለው ከአስፋልቱ በስተጀርባ ባሉት ጠባብ መንገዶች ነው። ስለዚህ ለአዋሽ የሚያስፈልገው መኪናን ማባረር አይደለም፤ የከባድ መኪና ማቆሚያን ከመኖሪያው ፊት ለፊት ማራቅ፣ መሻገሪያውን ማብዛትና ፍጥነትን መቀነስ ነው። ከአዳማ ወደ አዋሽ የሚዘረጋው የፍጥነት መንገድ ሲጠናቀቅ ደግሞ ጥያቄው ይገለበጣል፤ ሁሉም በፍጥነት ካለፈ ማን ይቆማል? ለዚህ ከአሁኑ መልስ ማዘጋጀት ይሻላል።

ዳጉ፦ አደባባይ ያልጠበቀ ተቋም

የከተማ ምሁራን ሰዎችን እንዴት እናስቁም ብለው ከመጠየቃቸው ከብዙ ዘመን በፊት አፋሮች ለዚህ ሥርዓት ነበራቸው፤ ዳጉ። ሁለት መንገደኞች በበረሃ ሲገናኙ ሰላም ብለው አይተላለፉም። ይቆማሉ፣ ብዙ ጊዜም ቁጭ ይላሉ፤ ከየት እንደመጡ፣ በመንገድ ምን እንዳዩና ምን እንደሰሙ ተራ በተራ ይነጋገራሉ። የት ዘነበ፣ ሣሩ የት ደረሰ፣ የትኛው የውሃ ጉድጓድ ደረቀ፣ የማን ግመል ጠፋ፣ የት በሽታ ገባ፣ የት ግጭት ተነሣ፣ ማን ሞተ፣ ማን ወለደ፤ ሁሉ ይነገራል። ያየውን ከሰማው ለይቶ መናገር፣ ሳያጣሩ አለማስተላለፍና አለመዋሸት የሥርዓቱ ግዴታ ነው። ሐሰት ያወራ ሰው በጎሳው ፊት ይጠየቅበታል።

ዳጉን ስለ መረጃ ብቻ የሚያዩ ብዙዎች ናቸው፤ ዳጉ ስለ ቦታም ያስተምራል። ሥርዓቱ የቆመው በሦስት ምሰሶ ነው። አንደኛ፣ ተጓዡ በእግሩ ወይም ከግመሉ ጎን የሚሄድ ስለሆነ ሌላውን ከሩቅ ያየዋል፣ ሲደርስም ለመቆም አይቸገርም። ሁለተኛ፣ ቁጭ የሚሉበት ጥላ አለ፤ የግራር ሥር። ሦስተኛ፣ አልፎ መሄድ ነውር ነው። ማብሎ የሚባለው የሽማግሌዎች ሸንጎም በዛፍ ጥላ ሥር መቀመጡ ከዚሁ ጋር ይሄዳል፤ ነገር የሚፈታው ሰዎች ረጅም ሰዓት ተቀምጠው እስኪሰለቹ ሳይሆን እስኪስማሙ የሚቆዩበት ቦታ ሲኖር ነው።

አርብቶ አደሩ ከተማ ሲገባ ከሦስቱ ምሰሶዎች ሁለቱ ይናጋሉ። መኪና ውስጥ ያለ ሰው መንገድ ላይ ቆሞ ዳጉ አይልም፤ ግራሩም ተቆርጦ በምትኩ አስፋልት ተነጥፏል። ግዴታው ብቻ ይቀራል። ግዴታው ደግሞ ቦታ ይፈልጋል። ስለዚህ ዳጉ ወደ ሻይ ቤት፣ ወደ መስጊድ በረንዳ፣ ወደ ሱቅ ደጅ፣ ከሰዓት በኋላ ወደሚቀመጡበት የጫት ቤት፣ ወደ ስልክም ገብቷል። ይህ መልካምም ከባድም ነው። መልካምነቱ ሥርዓቱ መኖሩ ነው። ከባዱ ደግሞ ሁሉም እነዚህ ቦታዎች ለሁሉም ክፍት አለመሆናቸው ነው። ሻይ ቤትና ጫት ቤት ገንዘብ ይጠይቃሉ፤ ብዙዎቹም የወንዶች መዋያ ናቸው። ሴቶች የሚገናኙት በቦኖ ውሃ ወረፋ፣ በወተትና በሰሌን ገበያ፣ በጎረቤት ቡና ነው። ውሃ በየቤቱ መግባቱ ታላቅ በረከት ነው፤ ጀሪካን ከመሸከም ይገላግላል። ነገር ግን ወረፋው ሲቀር የሴቶቹ መገናኛ አብሮ እንዳይቀር፣ ሌላ ጥላና መቀመጫ ያለው ነፃ ቦታ በዕቅድ ሊተካለት ይገባል።

ሰመራና ሎጊያ

የአፋር ክልል መቀመጫ ቀድሞ አሳይታ ነበረች። አሳይታ የአውሳ ሱልጣኖች ከተማ፣ በአዋሽ ወንዝ ዳር ያለች፣ ከዋናው አስፋልት ግን የራቀች ናት። በአውራ ጎዳናው ላይ አዲስ ዋና ከተማ ለመሥራት ተወሰነና ሰመራ በባዶ ሜዳ ላይ ተቆረቆረች፤ በ1990ዎቹ ማብቂያ ላይም የክልሉ መቀመጫነቱ ወደዚያ ተዛወረ። ሰመራ ዩኒቨርሲቲ በ2000 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ ኋላም በሱልጣን አሊ ሚራህ ሐንፈሬ ስም የተሰየመ የአውሮፕላን ማረፊያ ተሠራ።

ባዶ ሜዳ ላይ የሚሠራ ከተማ ትልቅ ፈተና አለበት። ሜዳው ሰፊ ነውና ሁሉም መሥሪያ ቤት ሰፊ ቅጥር ግቢ ይይዛል። ቢሮ ከቢሮ ይራራቃል፤ በመካከሉ አጥርና ያልተገነባ መሬት ይገባል። የመንገዱ ስፋት ለመኪና ይመቻል። በዚህ መካከል በእግሩ የሚሄድ ሰው በእያንዳንዱ መቶ ሜትር የሚያገኘው በር ጥቂት ነው፤ የሚያቆመው ነገርም ጥቂት ነው። የሥራ ሰዓት ሲያበቃ ሠራተኛው ይበተናል። አጥር ዳር ማንም ቁጭ አይልም፤ ሰው የሚቀመጠው በር ባለበት ነው።

ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ርቃ ያለችው ሎጊያ ሌላ ናት። ሎጊያ ያደገችው በሾፌሮች ማረፊያነት ነው። ሱቁ፣ ምግብ ቤቱ፣ አልጋ ቤቱ፣ ጋራዡ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው በአስፋልቱ ዳር ይቆማሉ። አሥር እርምጃ ሲሄዱ በርከት ያሉ በሮች ይታለፋሉ፤ በየበሩ የፕላስቲክ ወንበር አለ፤ ምሽት ላይ መብራትና ሰው አለ። ሰመራ ውሎ ምሽቱን ሎጊያ የሚያሳልፍ ሰው ብዙ የሆነው ለዚህ ነው። ሁለቱ አሁን ሰመራ–ሎጊያ ተብለው በአንድ የከተማ አስተዳደር ሥር ናቸው።

ከዚህ የሚወጣው ፍርድ ሰመራ መሠራት አልነበረባትም የሚል አይደለም። ክልሉ ቢሮ፣ ዩኒቨርሲቲና አውሮፕላን ማረፊያ ያስፈልገው ነበር። ፍርዱ ይህ ነው፦ ሎጊያ ማንም ሳያቅድ ያገኘችውን መጠጋጋት ሰመራ በዕቅድ ልታገኘው ይገባል። አጥሩን ወደ ውስጥ ማስገባት፣ በቅጥር ግቢዎቹ መንገድ ዳር ትንንሽ ሱቆችን መፍቀድ፣ በዩኒቨርሲቲውና በቢሮዎቹ መካከል በእግር የሚኬድ ጥላ ያለው መስመር መዘርጋት፣ ባዶውን መሬት ራቅ ብሎ ከመቀጠል በፊት ውስጡን መሙላት። ድሬዳዋ ለዚህ ቅርብ ምሳሌ ናት። ከዚራ በባቡር ኩባንያው ዘመን ቀጥ ባሉ ጎዳናዎች በፕላን የተሠራ ሰፈር ነው፤ ግን ጎዳናዎቹ በዛፍ ተሸፍነዋል፣ ቤቶቹም ወደ መንገድ ቀርበዋል። ፕላን ማውጣት ሕይወትን አያደርቅም፤ የሚያደርቀው ጥላና በር የሌለው ፕላን ነው።

የቀትር ሒሳብ

በዚህ ሸለቆ ጥላ ምቾት ብቻ ሆኖ አይታይም። ሰመራ ሙቀቱ በሚበረታባቸው ወራት በቀን 40 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድን የምታልፍ ከተማ ናት። ከረፋዱ እስከ አሥር ሰዓት ጥላ የሌለበት ቦታ፣ ምንም ያህል ቢያምር፣ ለማኅበራዊ ሕይወት እንደሌለ ይቆጠራል።

ጥላን ለማቀድ ደግሞ የፀሐይን መንገድ ማወቅ ያስፈልጋል። አዋሽ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ፣ ሰመራ 12 ዲግሪ ገደማ ላይ ናቸው። በዚህ ቦታ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ በትክክል አናት ላይ ትቆማለች፤ በሰኔ ወር ደግሞ በቀትር ወደ ሰሜን ታዘነብላለች። ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። ግድግዳና ፎቅ ጥላ የሚሰጡት ጠዋትና ከሰዓት በኋላ ብቻ ነው፤ በቀትር ጥላቸው እግራቸው ሥር ይጠፋል። የቀትር ጥላ የሚገኘው ከላይ ከሚሸፍን ነገር ነው፤ ከበረንዳ ጣሪያ፣ ከዳስ፣ ከዛፍ ቅርንጫፍ። ሁለተኛው፣ ወደ ደቡብ ብቻ የተሠራ በረንዳ በሰኔና በሐምሌ ሰሜናዊውን ግድግዳ ለፀሐይ ያጋልጣል። ከደጋ ወይም ከውጭ አገር የመጣ የሕንፃ ንድፍ እንደወረደ ሲሠራ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የአፋር ሴቶች በሰሌን የሚሠሩት፣ ነቅለው በግመል የሚጭኑት ቤት ይህን ዕውቀት ከጥንት ይዟል፤ ጣሪያና ግድግዳው አንድ ጉልላት ሆኖ ከላይ ይሸፍናል፣ በሽመናው መካከል ነፋስ ያሳልፋል።

ስለ ዛፍ ስንናገር ግን የትኛው ዛፍ እንደሆነ መጠየቅ አለብን። በ1970ዎቹ በመካከለኛው አዋሽ የእርሻ ልማቶች አካባቢ የተተከለው ፕሮሶፒስ፣ ቶሎ የሚያድግ፣ ጥላ የሚሰጥና ድርቅ የሚችል ተብሎ ነበር የመጣው። ዛሬ በአፋር ከአንድ ሚሊዮን ሄክታር በላይ መሬት እንደወረረ ይገመታል፤ ግጦሹን ዘግቷል፣ መንገዱን አጥሯል፣ እሾሁ የከብቱን እግር ይወጋል። በከተማ ደጅ ላይ ግን ሰው ያለ ሌላ አማራጭ ሥሩ ይቀመጣል። ትምህርቱ ከባድ ነው፦ ጥላ እንደሚያስፈልግ የተረዳ ውሳኔ እንኳን የአካባቢውን ዛፍና የአካባቢውን ሰው ሳይጠይቅ ከተወሰነ ጉዳቱ ከጥቅሙ ይበልጣል። ግራር፣ ቁርቁራና ሌሎች የቆላ ዛፎች እያሉ፣ ውሃ የሚያጠጣቸው ተመድቦ፣ ፍየል እንዳይበላቸው እስኪያድጉ ከታጠሩ፣ ያንን ሥራ ያለ ጥፋት ይሠሩታል።

ክፍት ቦታ ሌላም አገልግሎት አለው። በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በዶፈን ተራሮች አካባቢ በተከታታይ የመሬት መንቀጥቀጥ ሲከሠት በአዋሽ ፈንታሌና በዱለቻ ወረዳዎች በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ቤታቸውን ለቀው ወጡ። እንዲህ ባለ ጊዜ ሰው የሚሸሸው ሕንፃ ወደሌለበት ሜዳ ነው። በሰላም ቀን ሰው የሚገናኝበት፣ ውሃና ጥላ ያለው የሰፈር ሜዳ በክፉ ቀን ሕይወት ያድናል፤ ጎረቤቱን የሚያውቅ ሰውም ማን እንደጎደለ ቶሎ ያውቃል።

እንዴት ይጠናል?

ይህን ዓይነት ጥናት ለማድረግ ትልቅ ገንዘብ አያስፈልግም። ወረቀት፣ እርሳስ፣ ሰዓትና ትዕግሥት ይበቃሉ። የሰመራ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ የከተማ ፕላን ባለሙያ ወይም የሰፈር ወጣት ሊሠራው ይችላል።

አንድ ቦታ ይመረጥ፤ ለምሳሌ የመናኸሪያ ደጅ፣ የገበያ መግቢያ ወይም የመስጊድ ፊት። የቦታው ንድፍ በእጅ ይሣል፤ በሩ፣ ዛፉ፣ መቀመጫው፣ አጥሩ ይመላከትበት። ከዚያ በየሰዓቱ ለ15 ደቂቃ የሚያልፈውን ሰው መቁጠር፤ በአራት ሲባዛ የሰዓቱ ግምት ይገኛል። በተመሳሳይ ጊዜ የቆሙትንና የተቀመጡትን በንድፉ ላይ በነጥብ ማመልከት፤ ሴት፣ ወንድ፣ ሕፃን፣ አረጋዊ ብሎ መለየት፤ ብቻውን ያለና ከሌላ ጋር የሚነጋገር መሆኑን መጻፍ። የጥላውን ጠርዝ በየሰዓቱ መሣል ደግሞ በእኛ አገር ጥናት ላይ መጨመር ያለበት ሥራ ነው። ይህ በሥራ ቀን፣ በገበያ ቀንና በዓርብ፣ በጠዋትና በምሽት መደገም አለበት። በቆላ ከተማ ምሽቱን ያልቆጠረ ጥናት የከተማዋን ሕይወት ግማሹን ጥሎታል።

ወረቀቱ ሲሞላ የሚነበቡ ነገሮች አሉ። የሚያልፈው ብዙ፣ የሚቆመው ጥቂት ከሆነ ቦታው መተላለፊያ ብቻ ነው። ነጥቦቹ ከጥላው ጋር አብረው የሚንቀሳቀሱ ከሆነ ችግሩ ጥላ ነው። ሴቶችና ሕፃናት ከጠፉ ቦታው ለእነሱ አይመችም ወይም አያስተማምንም ማለት ነው፤ ምክንያቱን ራሳቸውን መጠየቅ ነው። ሰው መሬት ላይ፣ ድንጋይ ላይ፣ የሱቅ ደረጃ ላይ ተቀምጦ ከተገኘ ደግሞ መቀመጫ የት መሠራት እንዳለበት ራሱ ነግሮናል።

ለከተማ አስተዳዳሪዎችና ለፕላን ባለሙያዎች የምለው አለኝ። መንገድ ከማስፋታችሁ፣ አደባባይ ከማንጠፋችሁ፣ ገበያ ከማዛወራችሁ በፊት አንድ ሳምንት ቁጭ ብላችሁ ሰው ቁጠሩ። በየአዲሱ መንገድ በጀት ውስጥ የዛፍና የውሃ ማጠጫ ወጪ ከአስፋልቱ ጋር እኩል ይጻፍ። ገንዘብ ሳይከፈልበት የሚቀመጡበት፣ ሴቶችም በነፃነት የሚውሉበት አንድ ጥላ ያለው ቦታ በየሰፈሩ ይኑር። ለአንባቢ ደግሞ፦ የምትኖርበትን ሰፈር ከሌላው ይልቅ የምታውቀው አንተ ነህ፤ ጎረቤቶችህ የት እንደሚቆሙ ተመልከት፣ ቆጥረህ ጻፍ፣ የጻፍኸውንም ይዘህ ወደ ቀበሌው ሂድ። ለሰው የሚመች ከተማ የሚሠራው ሰውን አስቀድሞ ባየ ሰው ነው።